ሞተሪኖው አልሞተም

አሮጌ ፒካፕ ያለው ሰው ይህን ድምፅ ያውቀዋል። ቁልፉን ያዞራል፤ ከኮፈኑ ሥር «ቀጭ» ይላል፤ ከዚያ ዝም። ሞተሩ ንቅንቅ አይልም። ደግሞ ያዞራል፤ አሁንም «ቀጭ»። ትንሽ ሲታገል ቆይቶ ድንገት ምንም እንዳልሆነ ይነሳል። ቀኑን ሙሉ በሰላም ይውላል። ማታ አቁሞ ሲወርድ ግን ነገ ጠዋት ትነሳ ይሆን እያለ ነው የሚገባው።

የእኔዋ እዚህ የደረሰችው ቀስ በቀስ ነው። መጀመሪያ አልፎ አልፎ ነበር። ኋላ ላይ የየጠዋቱ ነገር ሆነ። ያማከርኩት ሰው ሁሉ ሊረዳኝ ፈልጎ የመሰለውን ነገረኝ። አንዱ ባትሪ ነው አለ። ሌላው «ሞተሪኖው አልቆለታል፣ ሙሉውን ቀይረው» አለ። ሞተሪኖ ማለት ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። በመዶሻ መታ መታ አድርገው ያለኝም አለ።

እኔ ግን ቤት ልሠራው ወሰንኩ። ቤት መሥራት የምወደው ጊዜ ስለሚሰጠኝ ነው። ጋራዥ ውስጥ ወረፋ አለ። መካኒኩ የእኔን ሲነካካ ሌላው መኪና ከኋላ ቆሞ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ለእሱ የሚያዋጣው አሮጌውን ሞተሪኖ አውጥቶ ሌላ መግጠም ነው። አልፈርድበትም። እሱ ቦታ ብሆን እኔም የማደርገው ያንኑ ነው። ደጄ ላይ ስሠራ ግን የሚያስቸኩለኝ የለም። ቁጭ ብዬ በትክክል የትኛዋ ዕቃ እንደደከመች መፈለግ እችላለሁ። «ሞተሪኖ ሞተ» ከተባለላቸው መሀል ብዙዎቹ አልሞቱም ብዬ አምናለሁ። የደከመችው ሆዳቸው ውስጥ ያለች የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል መዳብ ናት።

ከመፍታት በፊት መስማት ይቀድማል። «ቀጭ ቀጭ ቀጭ ቀጭ» እያለ በፍጥነት የሚደጋግም ከሆነ መጀመሪያ ባትሪውን ጠርጥሩ። ሶሌኖይዱ፣ ማለትም ሞተሪኖው ላይ ያለው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ፣ ይስባል። ሞተሪኖው ብዙ ኤሌክትሪክ ሲጠይቅ የደከመው ባትሪ ቮልቴጁ ይወድቃል። ሶሌኖይዱ የሚይዝበት አቅም ያጣና ይለቃል። ሲለቅ ቮልቴጁ ይመለሳል፤ እንደገና ይስባል። ያ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ የዚህ ምልልስ ድምፅ ነው። አንድ ጠንካራ «ቀጭ» ብሎ ዝም ካለና የዳሽቦርዱ መብራት ጨርሶ ካልደበዘዘ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ትልቁ ኤሌክትሪክ ከነጭራሹ ጉዞ አልጀመረም ማለት ነው። መብራቱ ከቀጭታው ጋር አብሮ ድብዝዝ ካለ ደግሞ ወይ ባትሪው፣ ወይ የላላ ወይም ነጭ ዱቄት ያበቀለ ተርሚናል (ኬብሉ ባትሪው ላይ የሚታሰርበት ጫፍ)፣ አንዳንዴም ተነክሶ መዞር ያቃተው ሞተሪኖ ይሆናል።

ቴስተር (ቮልት መለኪያ) ያለው ሰው በግምት መሄድ የለበትም። ሙሉ ሆኖ ያረፈ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። 12 ቮልት ካሳየ ባዶ ለመሆን ምንም አልቀረውም። ሞተሩ በሚዞርበት ሰዓት ቁጥሩ መውረዱ አይቀርም፤ ከ9.6 ቮልት በታች ከወረደ ግን ባትሪው ሸክሙን አልቻለም። የእኔ ባትሪ 12.5 ነበር። ልጄ መሪው ጋ ተቀምጣ ቁልፉን ስታዞር፣ «ቀጭ» ሲል፣ ቁጥሩ እምብዛም አልተነቃነቀም። ከልቤ ደስ ያለኝ ያኔ ነው። ሞተሪኖው የሚፈልገውን ቢወስድ ኖሮ ቁጥሩ ቁልቁል መውረድ ነበረበት።

ቀጥሎ ወደ ሞተሪኖው። ማርሹ ዜሮ ላይ፣ የእጅ ፍሬኑ የተያዘ፣ ጎማው ሥር ታኮ የገባበት፣ እጅም ከቬንቲሌተሩና ከቺንጋው የራቀ መሆን አለበት። በብዙ ሞተሪኖዎች ላይ ሦስት የመለኪያ ቦታ ታገኛላችሁ። ወፍራሙ የባትሪ ኬብል የሚገባበት ቡሎን 30 የሚል ቁጥር አለው። ከቁልፉ የሚመጣው ቀጭን ሽቦ የሚሰካበት 50 ይባላል። ሦስተኛው ከሶሌኖይዱ ወጥቶ ወደ ሞተሪኖው ሆድ የሚገባው ነው። የቴስተሩን ጥቁር ጫፍ ንጹሕ ብረት አስነክሼ በተራ ለካኋቸው። 30 ላይ ኤሌክትሪክ አለ። ቁልፉ ሲዞር 50 ላይም አለ። ሦስተኛው ላይ ዜሮ። ትእዛዙ ደርሷል፣ ሶሌኖይዱም ታዟል፤ መሀል ላይ ግን የሚያሻግር የለም። ከዚህ በኋላ ባትሪ መቀየርም መዶሻ ማንሳትም ለምን? ስለ መዶሻው ካነሳን፣ ውስጣቸው ቋሚ ማግኔት ያላቸው ሞተሪኖዎች አሉ። ሲመቱ ማግኔቱ ሊሰነጠቅ ይችላል። ያኔ በእውነት ይሞታል።

ይህ ሶሌኖይድ ምን እንደሚሠራ ማወቅ ሥራውን በጣም ያቀለዋል። ባለ 4 ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር ለማዞር ሞተሪኖው ከ100 እስከ 200 አምፒር ይስባል። ናፍጣ ሲሆን ከዚያም ይበልጣል። ይህን ሁሉ በመሪው ሥር ባለችው ትንሽ የቁልፍ ማብሪያ ማሳለፍ አይቻልም፤ ትቃጠላለች። ስለዚህ ቁልፉ የሚያዘው ሶሌኖይዱን ብቻ ነው። ሶሌኖይዱ ውስጥ የተጠቀለለ ሽቦ አለ፤ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ማግኔት ይሆንና አንድ የብረት ዘንግ ይስባል። ዘንጉ ሁለት ሥራ አብሮ ይሠራል። የሞተሪኖውን ፒኞን (ትንሿን ጥርሳም ማርሽ) ገፍቶ ከቮላኖው፣ ከሞተሩ ጋር ከሚዞረው ትልቅ ክብ ብረት፣ ጥርስ ጋር ያገናኛል። ጫፉ ላይ ያለችው ክብ መዳብ ደግሞ ሁለት የመዳብ ኮንታክቶች ላይ ትጋደምና ለትልቁ ኤሌክትሪክ መንገድ ትከፍታለች። «ቀጭ» የሚለው ዘንጉ መንገዱን ጨርሶ ሲቆም ነው።

ችግሩ ያለው እዚያች መገናኛ ላይ ነው። መዳቦቹ በተገናኙና በተለያዩ ቁጥር ብልጭታ አለ። ብልጭታው ከመዳቡ በጣም ትንሽ ይልሳል። ዓመታት ሲደራረቡ ኮንታክቱ ይሳሳል፤ ዘንጉ ግን መንገዱ የተወሰነ ስለሆነ ከለመደው አልፎ አይሄድም። አንድ ቀን ክቧ መዳብ አንዱን ኮንታክት ትነካና ሌላው ጋ ሳትደርስ ትቆማለች። የፀጉር ያህል ክፍተት ናት። ጥቂት ሲሞከር አልፎ አልፎ የሚነሳውም ለዚህ ነው፤ ክቧ መዳብ ትንሽ ዞራ ያልተበላው ጎኗ ሲደርስ ትነካለች። ብትነካም በደንብ ካልነካች ሌላ ጣጣ አለ። ኮንታክቱ ላይ የ0.01 ኦም መቋቋም ቢኖር፣ በ150 አምፒር 1.5 ቮልት እዚያው ይቀራል። 225 ዋት ሙቀት በጥፍር የምታህል ቦታ ላይ ማለት ነው። ያ ሙቀት መዳቡን ይበልጥ ያበላሸዋል።

እዚህ ላይ የማደንቀውን ሰው ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ድሮ ሞተር የሚነሳው በክንድ ነበር። ከፊት ማኖቬላ ተከትቶ ይዞራል። ሞተሩ ያለ ጊዜው ከተኮሰ ማኖቬላው ወደ ኋላ ይመለሳል፤ በዚህ የብዙ ሰው እጅ ተሰብሯል። አሜሪካዊው ቻርልስ ኬተሪንግ የኤሌክትሪክ ማስነሻውን የሠራው በ1911 እ.ኤ.አ. ነው። የ1912 ካዲላክ ይዞት ገበያ ወጣ። ኬተሪንግ ከዚያ በፊት ለገንዘብ መቀበያ ማሽን ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ሠርቶ ያውቅ ነበር። ከዚያ የያዘው ሐሳብ ሁልጊዜ ያስገርመኛል። ሞተሩ የሚሠራው ለቅጽበት ብቻ ከሆነ፣ ከአቅሙ በላይ ብታሠሩትም አይቃጠልም። ይህን ያህል ትንሽ ዕቃ ያን ያህል ከባድ ሞተር የሚያዞረው በዚህ ምክንያት ነው። ቁልፉን ይዞ ከ10 ሰከንድ በላይ ማቆየት የማይገባውም ለዚሁ ነው። ዕቃው የተሠራው ለአጭር ጉልበት ነው። ካልተነሳ ለቀቅ አድርጎ፣ ትንሽ አሳርፎ፣ እንደገና መሞከር።

አሁን ወደ መፍታቱ። መጀመሪያ የባትሪው ኔጌቲቭ ይፈታል። ይህ ቅደም ተከተል የልማድ ጉዳይ አይደለም። በፖዘቲቩ ከጀመራችሁና መፍቻችሁ ተንሸራቶ የመኪናውን አካል ከነካ፣ ባትሪው በመፍቻችሁ በኩል ሾርት ያደርጋል። መፍቻው ቀይ እስኪሆን ይግላል። ኔጌቲቩ ከተፈታ በኋላ ግን ቢነካም ምንም አይሆንም። ሲገጠም ደግሞ ኔጌቲቩ መጨረሻ ነው። ቀለበትና ሰዓት ከእጅ ይውለቅ። መኪናው መነሳት ካለበትም ክሪክ ለማንሳት እንጂ ለማቆም አይደለም፤ ጠንካራ የብረት መደገፊያ ሳይገባ ከሥሩ መግባት የለም። እኔ ማንሳት አላስፈለገኝም። ፒካፕ ከፍ ያለ በመሆኑ ሰው ጀርባው ላይ ተኝቶ ይገባል።

አሮጌ ፒካፕን የምወድበት ዋናው ምክንያት እዚህ ላይ ይታያል። ኮፈኑን ስትከፍቱ መሬቱ ይታያችኋል። እጅ የሚገባበት ቦታ አለ። በአንዳንድ ሞተሮች ላይ ሞተሪኖው ከኢንቴክ ማኒፎልዱ (ወደ ሞተሩ አየር ከሚያስገባው ቱቦ) ሥር ተቀብሮ፣ እሱን ለማየት ግማሽ ሞተር ማውረድ ያስፈልጋል። የእኔዋ ላይ በሁለት ቡሎን ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ቤት ላይ ተይዞ ጎኑ ላይ ተቀምጧል። የታችኛው ቡሎን ቀላል ነው። የላይኛው በዓይን አይታይም፤ በጣት ነው የሚገኘው። ከዋዜማው ማታ ዝገት ማስለቀቂያ ዘይት ረጭቼበት ነበር። ጠዋት ላይ ቡሶላውን ረጅም ማስረዘሚያ ላይ ሰክቼ በጎማው በኩል ገባሁ። ራሱ በደንብ መያዙን በጣቴ አረጋገጥኩ፤ ከዚያ በዝግታ ክብደቴን ጣልኩበት። ዝገት የያዘ ቡሎን ሲለቅ ድምፅ አለው፤ አንድ ጊዜ «ጧ» ይላል። ያን ድምፅ የሰማ ሰው የቀረውን በሁለት ጣት ያዞራል። የመጨረሻው ክር ሲወጣ ግን አንድ እጅ ሞተሪኖውን መደገፍ አለበት። ብዙ ኪሎ ያለው ብረት ነው፤ ፊት ላይ ከወደቀ ጉዳቱ ከባድ ነው።

ጠረጴዛ ላይ ጋዜጣ አነጠፍኩና ከላይ ያለውን ቆሻሻ በብሩሽ ጠረግኩ። የሶሌኖይዱን ክዳን የያዙት ሦስት ትናንሽ ቡሎኖች ናቸው። ከመፍታቴ በፊት በየአቅጣጫው ፎቶ አነሳሁት። ክዳኑ ሲነሳ ዘንጉ ከነስፕሪንጉ ተከትሎ ይወጣል። በአንዳንዱ ሞዴል ከዘንጉ ወዲያ ትንሽ የብረት ኳስ አለች፤ ሞተሪኖውን ማዘቅዘቅ ያኔ ጥሩ አይደለም። ልጄ የስልኳን መብራት አስጠግታ አየች።

«አባዬ፣ መኪናዋን ያስቆመቻት ይቺ ናት?»

ይቺው ናት። በባትሪው በኩል ያለው ኮንታክት እንደ ደረጃ ተበልቶ ግማሹ የለም። ጠርዙ ላይ ቀልጦ የተንጠባጠበ የመዳብ ነጥብ አለ። ሌላኛው ጠቁሯል እንጂ ቅርፁን አልለቀቀም። ክቧ መዳብ ላይ ዙሪያውን የተቆፈረ ቦይ አለ፤ መሀሏ ግን እንደ ተሠራችበት ቀን ያብለጨልጫል። የቤቱ ግድግዳ በጥቁር ብናኝ ተለብጧል። ያ ብናኝ ከመዳቡ የተላሰው ነው። መኪናዋ በተነሳች ቁጥር ትንሽ ትንሽ እያለ እዚያ ተከማችቷል። ልጄ ብናኙን በጣቷ ነክታ «ስንት ጠዋት ይሆን?» አለች። ለጥያቄዋ መልስ አልነበረኝም፤ ጥያቄው ግን ደስ አለኝ።

አዲሶቹን ኮንታክቶች መግጠም ጥንቃቄ እንጂ ጉልበት አይጠይቅም። እያንዳንዱ ኮንታክት በቡሎን ተወግቶ ወደ ውጭ ይወጣል። ቡሎኑ የቤቱን ብረት እንዳይነካ ዙሪያውን የማይተላለፍ ሮንዴላና መከለያ አለው። እነዚህ በነበሩበት ተራ መመለስ አለባቸው። አንዱ ከተረሳ የባትሪው ፖዘቲቭ በቀጥታ ከመኪናው አካል ጋር ይገናኛል፤ እሳት ማለት ነው። ፎቶው የሚጠቅመው እዚህ ጋ ነው። ሌላው ሁለቱ መዳቦች እኩል ከፍታ ላይ መቀመጣቸው ነው። አንዱ ከፍ ካለ ክቧ መዳብ እሱ ላይ ብቻ ታርፍና የነበረው ችግር በአዲስ ዕቃ ይመለሳል። እኔ ዳዶዎቹን በእጅ ብቻ አሰርኩ። ከዚያ አዲሱን ዘንግ ከትቼ በአውራ ጣቴ ተጫንኩት፤ ሁለቱ ራሳቸው እየተስተካከሉ ቦታቸውን ያዙ። እንደተጫንኩት ልጄ ዳዶውን አጠበቀችው። በቴስተርም ቡሎኖቹ ከቤቱ ጋር እንደማይገናኙ አየሁ። ኮንታክት ላይ ግሪስ አይቀባም። ግሪስ የሚፈልገው ፒኞኑ የሚንሸራተትበት ዘንግ ነው፤ እሱም ስስ ብቻ። ሲበዛ የፍሪሲዮኑን አቧራ ይሰበስባል።

ክፍት ሆኖ ሳለ የሚታዩ ነገሮችን ማየት ተገቢ ነው። ለሚዞረው ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያቀብሉት ካርቦኖች ገና ርዝመት አላቸው። ሞተሪኖው ከወጣበት ቀዳዳ ደግሞ የቮላኖው ጥርስ ይታያል። ሞተሩን በእጅ እያዞሩ ዙሪያውን ማየት ነው። ባለ 4 ሲሊንደር ሞተር ሲጠፋ የሚቆመው በየትም አይደለም። የሚቆመው ሲሊንደሮቹ አየሩን ጨምቀው በሚመልሱት አካባቢ ስለሆነ፣ ከቮላኖው ላይ ሁለት ቦታ ናቸው ሁልጊዜ የሚመቱት። ጥርሱ የሚያልቀውም እዚያ ነው። የእኔዋ ላይ ሁለቱ ቦታዎች ይለያሉ፤ ጫፋቸው ተሸርፏል፣ ግን ገና ይነክሳሉ።

ከመግጠሙ በፊት መሬት ላይ መሞከር ነገ ከመፍታት ያድናል። ሞተሪኖውን ሞርሳ ላይ በደንብ አሰርኩት፤ ሲነሳ ዘሎ ይዞራልና በእጅ አይያዝም። ወፍራም ገመድ ከባትሪው ኔጌቲቭ ወደ አካሉ፣ ሌላው ከፖዘቲቩ ወደ 30። ከዚያ በቀጭን ሽቦ 50ን ነካ ሳደርገው ፒኞኑ ዘሎ ወጣና ዞረ። ድምፁ ንጹሕና ቀጥ ያለ ነበር። መልሶ ሲገጠም የሚረሳ አንድ ነገር አለ። የሞተሪኖው ኔጌቲቭ አካሉ ራሱ ነው። ስለዚህ ካምቢዮው ላይ የሚያርፍበትን ፊት ከዝገትና ከዘይት አጸዳሁት። ቀለም ቀብቶ የሚያሳምር ሰው አይቻለሁ፤ ያ ፊት ባዶ ብረት ሆኖ መቅረት አለበት።

ሁሉም ሞተሪኖ በመዳብ ይድናል አልልም። ቁልፉ ሲዞር ሞተሪኖው እያፏጨ ብቻውን ከዞረና ሞተሩን ካልያዘ ፒኞኑ ላይ ያለው ክላች ሄዷል። ቡሽው አልቆ መሀል ያለው ተሽከርካሪ ግድግዳውን እየፋቀ ከሆነ፣ ወይም ሲከፈት የተቃጠለ ቫርኒሽ ከሸተተ፣ ሙሉውን መቀየር ይሻላል። ያኔ «ቀይረው» ያለው ሰው ልክ ነው። ከፍቶ አይቶ መቀየር ግን ሳያዩ ከመቀየር ይለያል። ሁለተኛው ላይ አሮጌው ዕቃ ለምን እንደተጣለ ማንም አያውቅም፤ ችግሩ ኬብሉ ላይ ቢሆን ደግሞ አዲሱም ያንኑ «ቀጭ» ይላል።

ልጄ ቁልፉን ስታዞር ሞተሩ ወዲያው ተነሳ። እሷ አጥፍታ እንደገና አስነሳች። እኔ ግን ቴስተሬን አላስቀመጥኩም። አሁን ኤሌክትሪኩ በሙሉ አቅሙ ስለሚሄድ፣ ቀድሞ ሊለካ ያልቻለው ነገር ይለካል። አንዱን ጫፍ ባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ ሌላውን 30 ላይ አድርጌ ሞተሩ ሲዞር አየሁ። ከ0.5 ቮልት በታች ከሆነ ደህና ነው፤ የእኔ 0.3 አሳየ። ቀጥሎ ከባትሪው ኔጌቲቭ ወደ ሞተሪኖው አካል። እዚህ 0.2 ገደማ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ 0.6 ሆነ። ከባትሪው ወደ ሞተሩ የሚሄደው የኔጌቲቭ ኬብል ጫፉ ላይ አረንጓዴ አብቅሏል፤ ላስቲኩን ገፋ ሳደርገው ውስጡ ያሉት የመዳብ ክሮች ግማሹ ተበጥሰዋል። አዲስ ኬብል፣ ሁለት ጫፍ ማሰሪያና ማሰሪያውን የሚጨምቅ መሣሪያ ያስፈልገኛል። የሚቀጥለው ቅዳሜ ሥራ እሱ ነው፤ ልጄም ትርፍ የመዳብ ክሮቹን እንዳልጥላቸው ጠይቃኛለች።